ስልክን አስቀምጦ በእግር መሄድ ለመምህር ምን ይጠቅመዋል?

ይህችን ጽሑፍ በመተላለፊያው ቆማችሁ ስታነቡ እጃችሁ ላይ ወይም ኪሳችሁ ውስጥ ስልክ እንዳለ ሳላይ አውቃለሁ። እኔም ያው ነኝ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከሌላው ተሽዬ ሳይሆን፣ በራሴ ላይ የደረሰውን ነገር ምክንያቱን ስፈልግ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ ብዬ ነው።

ባለፈው ሴሚስተር ለማስተማር ልምምድ የደረሰኝ 6ኛ ክፍል ሒሳብ ነበር። ርዕሱ ክፍልፋይን በክፍልፋይ ማካፈል ነው። እኔም እንደተማርኩት «ሁለተኛውን ገልብጡና አባዙ» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ታዲያላችሁ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ለምንድን ነው የሚገለበጠው?» አለች። ዝም አልኩ። ቀጥዬም «ሕጉ ነው» ብዬ አለፍኩ። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ተቆጣጣሪ መምህሬ ብዕራቸውን አንስተው አንድ ነገር ሲጽፉ አየሁ። ስንወጣ «ሐሙስ እመለሳለሁ፤ የልጅቷን ጥያቄ መልሰህ ጠብቀኝ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ዕለት ማታ ስልኬን ይዤ መልስ ፍለጋ ተቀመጥኩ። ማብራሪያ ሞልቷል። ነገር ግን አንዱ ቪዲዮ ሌላውን እየጠራ፣ በመካከሉ መልእክት እየገባ፣ የኳሱም ውጤት እየመጣ እኩለ ሌሊት ሆነ። ያየሁት ብዙ ነው፤ የያዝኩት ግን የለም። በማግስቱ ይባስ ብሎ ስልኬ ከእጄ ወድቃ መስታወቷ ተሰነጠቀና ለጥገና ሰጠኋት።

ከግቢያችን እስከ ልምምድ ትምህርት ቤቱ በእግር 40 ደቂቃ ያህል ያስኬዳል። ሌላ ጊዜ ማዳመጫ በጆሮዬ ሰክቼ ነበር የማዘግመው። ረቡዕ ጠዋት ግን የምሰማው አልነበረኝም። መጀመሪያ ላይ እጄ ሳላስበው ኪሴ እየገባ ባዶውን ይመለሳል፤ እንደ ጅል በራሴ ሳቅሁ። ከዚያ የልጅቷ ጥያቄ መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞ መጣ። በጉልቱ በኩል ሳልፍ አንዲት ሴትዮ ግማሽ ኪሎ ቡና ሊመዝኑ የግማሽ ኪሎውን የሚዛን ድንጋይ ቢፈልጉ አጡት። ሁለት የሩብ ኪሎ ድንጋዮች አንስተው ሚዛኑ ላይ ቁጭ አደረጉ። ገዢዋ ብታያቸው «ሁለት ሩብ ያው ግማሽ አይደል እንዴ?» አሏት።

በቃ፣ ቀጥ ብዬ ቆምኩ! በግማሽ ውስጥ ስንት ሩብ አለ? ሁለት። ግማሽን ለሩብ ማካፈል ማለት ይኸው ነው። ለምን ይገለበጣል ላለችው ደግሞ፦ በአንድ ኪሎ ውስጥ 4 ሩብ አለ፤ እንግዲያው በግማሽ ኪሎ ውስጥ ያለው የ4 ግማሽ ነው፤ ይኸውም 2። ሩብ ተገልብጦ 4 የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ዝም ብሎ ሕግ ሆኖ አይደለም። ገበያ ተልኮ የማያውቅ የ6ኛ ክፍል ልጅ የለምና ሐሙስ ዕለት ሚዛን ተውሼ ገባሁ።

ለመሆኑ ይህ ዕድል ብቻ ነው ወይስ መንገዱ የራሱ ድርሻ አለው? እ.ኤ.አ. በ2014 ማሪሊ ኦፔዞና ዳንኤል ሽዋርትዝ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሠሯቸውን አራት ሙከራዎች አሳትመዋል። በጠቅላላው 176 ሰዎች ተሳትፈዋል። ተሳታፊዎቹ እንደ ልብስ ቁልፍ ያለ ተራ ዕቃ ይነገራቸውና ከተለመደው አገልግሎቱ ውጪ ለምን ለምን ሊጠቅም እንደሚችል ያስባሉ፤ አንድ ጊዜ ተቀምጠው፣ አንድ ጊዜ እየተራመዱ። በመጀመሪያው ሙከራ ከተሳታፊዎቹ 81 በመቶዎቹ ሲራመዱ የተሻለ አዲስ ሐሳብ አፍልቀዋል። የሚገርመው፣ እነዚህ ሰዎች የተራመዱት አበባ በሞላበት መስክ ሳይሆን በባዶ ግድግዳ ፊት በተተከለ መራመጃ ማሽን ላይ ነበር። ከሄዱ በኋላ የተቀመጡትም ቢሆኑ ጥቅሙ ለጥቂት ጊዜ አልተለያቸውም።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ ባለው ጥያቄ ላይ ተራማጆቹ እንዲያውም በጥቂቱ ዝቅ ያለ ውጤት ነው ያመጡት። ስለዚህ ስሌት ለመሥራት ወይም የፈተና ወረቀት ለማረም ተቀመጡ። «ይህን ትምህርት በምን መንገድ ላስረዳው?» ለሚለው ግን ተነሡ።

በሒሳብ ታሪክም ዝነኛ የሆነ አንድ ጉዞ አለ። የአየርላንዱ ዊልያም ሮዋን ሃሚልተን ሦስት ሦስት ሆነው የተቀናጁ ቁጥሮችን የሚያባዛበት ዘዴ ለዓመታት ሲፈልግ ቆይቶ አጣ። ልጆቹ እንኳ ጠዋት ለቁርስ ሲመጣ «ማባዛት ቻልክ ወይ?» እያሉ ይጠይቁት ነበር። መልሱም መደመርና መቀነስ እንጂ ማባዛት አልቻልኩም የሚል ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1843 ከሚስቱ ጋር በደብሊን አጠገብ ባለው ቦይ ዳር በእግር ወደ ስብሰባ ሲሄድ መፍትሔው ድንገት ታየው፤ ሦስት ሳይሆን አራት ቁጥር ነው የሚያስፈልገው። ቀመሩን እንዳይረሳው በቢላዋ ድልድዩ ድንጋይ ላይ ፈለፈለው። ጽሑፉ ዛሬ ጠፍቷል፤ በምትኩ ግን እ.ኤ.አ. በ1958 የመታሰቢያ ጽላት ቆሞለታል። ነገሩ የሚያስቀው ዛሬ ስልኮቻችን ወደየት እንደዞሩ ለማስላት ያንኑ የሃሚልተንን ቁጥር መጠቀማቸው ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሃሚልተን ጥያቄውን ለዓመታት ተሸክሞ ባይቆይ ኖሮ ቦዩ ዳር ቢመላለስ ባልመጣለት ነበር።

ስልኩስ ምን በደለ? በደሉ ሐሳብ የሚመጣበትን ክፍት ጊዜ መሙላቱ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት ወደ 800 የሚጠጉ ሰዎችን ፈትኗል። ስልካቸውን ሌላ ክፍል የተዉት፣ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡት የተሻለ ውጤት አግኝተዋል፤ ስልኮቹ ድምፅ ባያሰሙም። ሆኖም ሌሎች ሲደግሙት ያው ውጤት ሁልጊዜ ስላልተገኘ የመጨረሻ ቃል አድርጌ አላቀርበውም።

ስለ መንፈስ ዕረፍትም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ የስታንፎርድ ጥናት 38 ሰዎችን ለ90 ደቂቃ አስኬደ፤ ግማሾቹን ሣርና ዛፍ ባለበት፣ ግማሾቹን መኪና በሚበዛበት አውራ ጎዳና ዳር። በዛፉ በኩል የሄዱት ያንኑ ክፉ ሐሳብ እንደ ላም ማመስኳቱ ቀንሶላቸዋል፤ በጎዳናው ዳር የሄዱት ግን ለውጥ አላሳዩም። ከፈተና በፊት እንቅልፍ የሚያጣ ማደሪያ ክፍል ውስጥ ለምንኖር ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እርግጥ ሁሉም ሰው በሁሉም ሰዓት ስልኩን ትቶ ይውጣ አልልም። በተለይ ሴት ጓደኞቻችን ከመሸ ብቻቸውን ያለ ስልክ እንዲሄዱ መምከር ስንፍና ነው። ቀን ሂዱ፣ ወዴት እንደምትሄዱ ለጓደኛ ተናገሩ፣ ወይም ስልኩን አጥፍታችሁ ከቦርሳችሁ ሥር ቅበሩት። እኔ በኪሴ የምይዘው የታጠፈ ወረቀትና ቁራጭ እርሳስ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ማክሰኞ ለአካባቢ ሳይንስ የመጣልኝን ግሩም ምሳሌ ግቢ እስክደርስ ረስቼው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሐሙስ ዕለት ያቺ ተማሪ ሚዛኑን ካየች በኋላ እንደገና እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሩቡን ለግማሽ ብናካፍልስ?» አለች። እሱን እያሰብኩ ነው የተመለስኩት፤ በእግሬ።