መኪና በተጎታች ጭኖ ከመውጣት በፊት

ልጆቻችን የተበላሸ መኪና ወደ ጋራዥ ለማድረስ ተጎታች ከጓደኛ ይዋሳሉ፤ መጎተቻውን መኪና ደግሞ ከአባት ይጠይቃሉ። ቁልፉን የምትሰጡት እናንተ ስለሆናችሁ ነገሩን ማወቁ ይጠቅማችኋል። እኛ ነርሶች የምናየው የተቀጠቀጠውን ጣትና የተሰበረውን እግር፣ አንዳንዴም ከዚያ የከፋውን ነው።

አስቀድማችሁ የመኪናችሁን ሪሽዮን ተመልከቱ። መኪናው ሊጎትት የሚችለው ክብደት፣ ፍሬን ላለው ተጎታችና ለሌለው ለየብቻው ተጽፏል። ተጎታቹና የተጫነው መኪና ተደምረው ከዚያ ቁጥር መብለጥ የለባቸውም። ትንሽ መኪና ብቻዋን 1,000 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፤ መኪና የሚጭን ተጎታችም ባዶውን ቀላል አይደለም። በተራው የቢ ደረጃ መንጃ ፈቃድ የሚጎተተው፣ የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት እስከ 1,500 ኪሎ የሆነ ተጎታች ነው። ብዙ ጊዜ ሐሳቡ እዚሁ ላይ መቅረት አለበት። ቢቱዋሁ መጎተትን ይሸፍን እንደሆነም ወኪሉን ጠይቁ።

ዋናው አደጋ ያለው አጫጫኑ ላይ ነው። አገር ቤት የአህያ ጭነት ወደ ኋላ ሲያዘነብል ምን እንደሚሆን አይታችኋል። ተጎታችም እንደዚያው ነው፤ ክብደቱ ከጎማዎቹ ወደ ኋላ ከበዛ የመጎተቻው መኪና የኋላ ጎማ ይቀላል፣ ተጎታቹም እንደ ጅራት መወዛወዝ ይጀምራል። ስለዚህ ከክብደቱ ከግማሽ ትንሽ የሚበልጠው ከተጎታቹ ጎማዎች ወደ ፊት ይሁን። ወደ ፊት ማብዛትም አይበጅም፤ ማያያዣው የሚችለው ክብደት በላዩ ተጽፏል። መወዛወዝ ከጀመረ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ነዳጁን ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው እንጂ ፍሬን በኃይል መርገጥም፣ መሪ ማዟዟርም አደገኛ ነው።

የተጫነው መኪና የእጅ ፍሬኑ ተይዞ በአራቱም ማዕዘን ለክብደቱ በተሠራ ጠፍር ይታሰር፤ ተራ ገመድ አይበቃም። የደህንነት ሰንሰለቱ ይያያዝ፣ የኋላ መብራቶቹ ይፈተሹ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ አስተማማኝ ቦታ ላይ ቆሞ ጠፍሩን እንደገና ማጥበቅ የግድ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ይላላልና። በተጫነው መኪና ውስጥ ማንም ሰው አይቀመጥ። ሲጫን ከመኪናው ኋላም ሆነ በተወጠረ የብረት ገመድ አጠገብ ማንም አይቁም፤ በተለይ ለማየት የሚሰበሰቡትን ልጆች አርቁ።

ሂሳቡ ካልገጠመ ግራር ጥሩ። የራሳችሁ መኪና ከሆነ አገልግሎቱ በቢቱዋሁ ውስጥ ተካቶ ሊሆን ይችላል። ካልተካተተ ዋጋውን መኪናው ሳይነሳ በጽሑፍ ተቀበሉ።