ከሩቅ የሚመጣ መርዝ

እኛ ካልጋሪዎች የምንጠጣው ውሃ ከቦውና ከኤልቦ ወንዞች ይመጣል። ሁለቱም የሚነሱት ከሮኪ ተራሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የካናዳ ሳይንቲስቶች በእነዚህ ተራሮች በረዶ ውስጥ የፀረ ተባይ ኬሚካሎችን እንዳገኙ አሳወቁ። ከፍታው በጨመረ ቁጥር የአንዳንዶቹ መጠንም ጨምሮ ነበር። እዚያ ላይ ግን የሚያርስ ሰው የለም። ታዲያ ከየት መጡ?

ኬሚካሎቹ በሙቀት ይተናሉ፤ ነፋስ ይወስዳቸዋል፤ ብርድ ሲያገኙ ከበረዶ ጋር ይወርዳሉ። ቶሎ ስለማይጠፉ በዓሣና በእንስሳት ስብ ውስጥ ይከማቻሉ። በሰሜን ዋልታ አካባቢ፣ ከፋብሪካ ርቀው በሚኖሩ የኢኑይት እናቶች የጡት ወተት ውስጥ እንኳ ተገኝተዋል።

እናቴ በልጅነቷ አገር ቤት የወባ ትንኝን ለማጥፋት ዲዲቲ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ይረጭ እንደነበር ትነግረኛለች። ዲዲቲ ብዙ ሰው አድኗል፤ ነገር ግን ከእነዚህ ተጓዥ ኬሚካሎች አንዱ ነው። በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ዲዲቲን እንደ ወባ ያሉ በሽታዎችን ለመከላከል ብቻ ፈቀደ። ካናዳም ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናቸው። በሰሜን ዋልታ የብዙዎቹ የቆዩ ኬሚካሎች መጠን እየቀነሰ መጥቷል።

እኛም ድርሻ አለን። ቤት ውስጥ የተረፈ የነፍሳት መግደያ ካለ ቧንቧ ውስጥ አትድፉት። ከተማችን እንዲህ ያለውን የሚቀበሉ የእሳት አደጋ ጣቢያዎች አሏት፤ ወላጆቻችሁ እዚያ እንዲያደርሱት ንገሯቸው።