አፈር ሲሠራ የኖረውን ሥራ ስንረከብ፦ ያለ አፈር አትክልት ማብቀል ከጀመረ ሰው የተገኘ ትምህርት



ስለ ዕፀዋት ምግብ ለብዙ ዓመታት በሰሌዳ ላይ ሳስተምር ቆይቻለሁ። ዛሬ ግን በፊታችሁ የቆምኩት የመጀመሪያ ሰብሉ የጠፋበት ጀማሪ ሆኜ ነው። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ ጓሮ 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነች የፕላስቲክ ግሪንሃውስ ሠርቼ፣ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ በሶብላና ናና በውሃ ብቻ ማብቀል ጀመርኩ። ከተከልኳቸው 40 ችግኞች ውስጥ ለገበታ የበቁት 4 ብቻ ነበሩ። የዛሬው ገለጻዬ የቀሩት 36 ለምን እንደጠፉ የሚያብራራ ነው።

ሃይድሮፖኒክስ የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1937 በጽሑፍ ያስተዋወቀው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ጌሪክ ነው። ቃሉ የተገኘው ከሁለት የግሪክ ቃላት ሲሆን፣ አንደኛው «ውሃ»፣ ሁለተኛው «ሥራ» ወይም «ድካም» ማለት ነው። ሐሳቡ ግን ቃሉን ይቀድማል። ጀርመናዊው ዩሊየስ ፎን ዛክስ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዕፀዋት ማዕድናት በሟሙበት ውሃ ውስጥ ማደግ እንደሚችሉ በሙከራ አሳይቶ ነበር። ከዚህ ተነሥቼ «ሥር የሚፈልገው በውሃ የሟሟ ንጥረ ነገር ከሆነ አፈር አስፈላጊ አይደለም» ብዬ ደመደምኩ። የስህተቴ ሁሉ መነሻ ይህ ድምዳሜ ነበር።

አፈር ቢያንስ ሦስት ሥራዎችን በዝምታ ያከናውናል። ንጥረ ነገሮችን ይዞ ቀስ በቀስ ይለቃል፤ የአሲዳማነት መጠን በድንገት እንዳይለዋወጥ ያደርጋል፤ በቅንጣቶቹ መካከል ሥር የሚተነፍሰው አየር ያኖራል። አፈሩን ስናነሣ ሥራዎቹ ወደ አብቃዩ ይተላለፋሉ። እኔ አፈሩን አስወገድኩ እንጂ ሥራውን አልተረከብኩም ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት የአዳዲሶቹ ቅጠሎች ገጽ ቢጫ ሆነ፤ ጅማቶቻቸው ግን አረንጓዴ እንደሆኑ ቀሩ። ተክል ናይትሮጅን ሲያጥረው ከአሮጌ ቅጠሎቹ አውጥቶ ወደ አዳዲሶቹ ስለሚያዛውር፣ መጀመሪያ የሚገረጡት የታችኞቹ ቅጠሎች ናቸው። ብረት ግን እንዲህ በቀላሉ አይዛወርም፤ ስለዚህ እጥረቱ የሚታየው በአዳዲሶቹ ላይ ነው። ይህን ልዩነት ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ነግሬያለሁ! በራሴ ጓሮ ግን «ርቧቸዋል» ብዬ ማዳበሪያ ጨመርኩ።

ዘግይቼ ስለካ የውሃው ፒኤች 7.8 ሆኖ አገኘሁት። ለአብዛኞቹ ቅጠላ ቅጠሎች ተስማሚው ከ5.5 እስከ 6.5 ነው። መለኪያው በእያንዳንዱ አሃድ አሥር እጥፍ ስለሚለዋወጥ፣ በ6.8 እና በ7.8 መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ አይደለም። ብረቱ በበርሜሉ ውስጥ ነበረ፤ ሆኖም ሥር ሊወስደው በማይችል መልክ ዘቅጦ ነበር። የጨመርኩት ማዳበሪያ ደግሞ የውሃውን ጨዋማነት ከፍ አደረገው። ለሰላጣ ከ1.2 እስከ 1.8 ሚሊሲመንስ በሴንቲሜትር የሚበቃው የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት 3.4 ደረሰ። እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ሥር ውሃ መሳብ ይቸግረዋል፤ የቅጠሎቹም ጠርዝ እየተቃጠለ ሄደ። ተክሎቼ ውሃ ውስጥ ቆመው ተጠሙ።

አንድ ጊዜ ለክቶ መተውም አይበቃም። ሥር ናይትሬት ሲወስድ የውሃው ፒኤች ቀስ በቀስ ከፍ ይላል፤ አሞኒየም ሲወስድ ደግሞ ዝቅ ይላል። ተክሉ ራሱ የሚኖርበትን ውሃ በየቀኑ ይለውጣል ማለት ነው። ስለሆነም አሁን በየማለዳው እለካለሁ፤ እመዘግባለሁ።

የመጨረሻው ጥፋት የደረሰው በአንድ እኩለ ቀን ነው። ተክሎቹ የቆሙት ስስ ውሃ በፓምፕ በሚፈስባቸው ቱቦዎች ውስጥ ነበር። እኔ ክፍል ውስጥ ሳስተምር መብራት ጠፋ፤ ፓምፑ ቆመ፤ ማታ ስመለስ ሥሮቹ ደርቀው አገኘኋቸው። ውሃው ጥልቅ ቢሆንም ሌላ ችግር ይጠብቀኝ ነበር። በባሕር ጠለል ከፍታ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ግን የአየር ግፊቱ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ ያው ውሃ የሚይዘው ከ7 ሚሊግራም አይበልጥም፤ ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ይቀንሳል። ለቆላ የተጻፈን መመሪያ ደጋ ላይ እንዳለ መከተል የማያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ለሁለተኛው ዙር የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው በርናርድ ክራትኪ ያስተዋወቀውን ፓምፕ የማይሻ ዘዴ መረጥኩ። ብርሃን በማያስገባ ባልዲ ውስጥ የተመጠነ ውሃ ይሞላል፤ ችግኙ በክዳኑ ቀዳዳ ላይ ይቀመጣል። ተክሉ ሲጠጣ ውሃው ዝቅ ይላል፤ በተፈጠረው ክፍተት ያሉት ሥሮች ከአየር ኦክስጅን ይወስዳሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ ባልዲውን እንደገና እስከ አፉ መሙላት እነዚያን ሥሮች ያሰጥማቸዋል። የተከማቸውን ካልሲየም ናይትሬት ከተከማቸ ማግኒዥየም ሰልፌት ጋር በአንድ ዕቃ አልቀላቅልም፤ ከተቀላቀሉ ጂፕሰም ሆነው ይዘቅጣሉና። ፒኤች ለማውረድ ስነሣም አሲዱን ወደ ውሃው እጨምራለሁ እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አልጨምርም። ከ40 ችግኞች 33ቱ ለመቆረጥ በቁ።

በዚህ ውጤት ግን ከልክ በላይ እንዳንኩራራ አሳስባለሁ። ሆግላንድና አርኖን እ.ኤ.አ. በ1938 ባወጡት ጽሑፍ፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ሲነጻጸር በውሃ ማብቀል ከመልካም አፈር የላቀ ምርት እንደማይሰጥ ገልጸዋል። ጤፍና ስንዴያችን ከማሳ ይመጣሉ፤ በባልዲ የምንተካቸው አይደሉም። ዘዴው የሚጠቅመው አፈር በሌለበት፣ በሲሚንቶ በተሸፈነ ግቢ፣ በሰገነት ላይ፣ ውሃም በሚቆጠብበት ስፍራ ለሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎች ነው።

መሞከር ለምትፈልጉ ተማሪዎች ምክሬ አጭር ነው። ከፓምፕ በፊት የፒኤች መለኪያ ግዙ፤ በአንድ ባልዲና በአንድ ሰላጣ ጀምሩ፤ ቅጠል ሲገረጣም ማዳበሪያ ከመጨመራችሁ በፊት የገረጣው አዲሱ ነው ወይስ አሮጌው ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ይህን ጥያቄ በፈተና ወረቀት ላይ ለዓመታት ሳወጣ ኖሬ፣ መልሱን በእውነት የተማርኩት 36 ችግኞች ካጣሁ በኋላ ነው።