የድረ ገጽ ጎብኚዎች ቁጥር ምን ያሳያል? ምንስ ይደብቃል?

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ድረ ገጾች ላይ የሚወጡ ማስታወቂያዎች ለማን እንደደረሱ ለማወቅ የጎብኚዎችን ቁጥር መመልከት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ እንዴት እንደሚሰበሰብ ካልታወቀ ለተሳሳተ ውሳኔ ሊዳርግ ይችላል።

ቆጠራው በሁለት መንገድ ይካሄዳል። አንደኛው ድረ ገጹ የተቀመጠበት ሰርቨር የሚይዘው መዝገብ ሲሆን፣ ይህም የተጠየቀውን ገጽ፣ ሰዓቱንና የጠያቂውን የኢንተርኔት አድራሻ ይመዘግባል። መዝገቡ ግን ገጾችን የሚያስሱ አውቶማቲክ ፕሮግራሞችንም እንደ ሰው ይቆጥራል። ሁለተኛው በገጹ ውስጥ በሚገባ አጭር ኮድ የሚሠራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው ጉግል አናሊቲክስ በዚህ ረገድ በስፋት ይታወቃል።

የተከፈተ ገጽ፣ ጉብኝትና ጎብኚ የተለያዩ መለኪያዎች ናቸው። አንድ ሰው ጠዋት በቢሮ ኮምፒዩተር አምስት ገጾችን ቢከፍት አምስት የተከፈቱ ገጾችና አንድ ጉብኝት ይመዘገባል፤ ማታ በስልኩ ሲመለስ ግን እንደ ሌላ ጎብኚ ሊቆጠር ይችላል። በአንጻሩ በአንድ ኮምፒዩተር የሚጠቀሙ አሥር ሰዎች እንደ አንድ ሊታዩ ይችላሉ።

ችግሩ በወረዳ ከተሞች ይጎላል። በሰሜን ወሎ ዞን የዋድላ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ኮን አንድ ሰው የሥራ ማስታወቂያ ከፍቶ በቴሌግራም ቢያሰራጨው ወይም አትሞ በሰሌዳ ላይ ቢለጥፈው፣ አንባቢው ብዙ ቢሆንም ቆጣሪው የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። የጎብኚው መገኛ የሚገመተውም ከኢንተርኔት አድራሻው በመሆኑ፣ ከኮን የገባ ሰው በሪፖርቱ ላይ በአዲስ አበባ ሊመዘገብ ይችላል። ከዚህም በላይ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት የታየ የቁጥር መቀነስ የአገልግሎቱን መቋረጥ እንጂ የአንባቢውን ፍላጎት ማነስ አያመለክትም።

በመሆኑም ከጠቅላላ ድምር ይልቅ የወራትን ለውጥ ማነጻጸር፣ የትኛው ገጽ እንደተፈለገና ጎብኚው በስልክ ወይም በኮምፒዩተር እንደገባ መለየት ይጠቅማል። አብዛኛው ጎብኚ በስልክ የሚገባ ከሆነ፣ በስካነር የተነሣ ከባድ ፋይል ከመጫን ይልቅ ማስታወቂያውን በጽሑፍ ማውጣት ይመረጣል። ለሕዝብ ግንኙነት ክፍል በስልክና በአካል የሚቀርቡ ጥያቄዎችም ተመዝግበው ከሪፖርቱ ጋር ሊታዩ ይገባል።

ቆጠራው የግል መረጃን የሚነካ እንደመሆኑ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ማገናዘብም ያስፈልጋል።

የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መንግሥታዊ አካላት መረጃ የማሳተም ግዴታ እንዳለባቸው ደንግጓል። ግዴታው በሪፖርት ላይ ለሚታየው ጎብኚ ብቻ ሳይሆን፣ ቆጣሪው ላልደረሰበት የኮን ነዋሪም ጭምር ነው።