ግብሩን የከፈለ ሰው

በእንግሊዝ አገር ስለ ስስታም ሰው ቢያነሡ «ስክሩጅ» የሚል ስም መስማትዎ አይቀርም። ስክሩጅ ግን በሕይወት የነበረ ሰው አይደለም። ቻርልስ ዲክንስ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 19 ቀን 1843 ለንባብ ባበቃው «የገና መዝሙር» በተሰኘ አጭር ልብ ወለድ የምናገኘው የለንደን ነጋዴ ነው።

በገና ዋዜማ ሌሊት፣ ከሰባት ዓመት በፊት የሞተው ሸሪኩ ማርሌይ በሰንሰለት ተተብትቦ ይታየዋል። ከዚያም ሦስት መናፍስት በየተራ እየመጡ ያለፈውን፣ ያሁኑንና የሚመጣውን ያሳዩታል። (እዚህ ላይ ግራ አይጋቡ፤ ይህ የደራሲው የትረካ ዘዴ እንጂ የእምነት ትምህርት አይደለም።)

እስቲ ሰውየውን ልብ ብለው ይመልከቱት። ስክሩጅ ሌባ አይደለም። ግብሩን ይከፍላል፤ ለጸሐፊው ለቦብ ክራቺትም በሳምንት 15 ሽልንግ ይሰጠዋል። የከሰሉን ሣጥን ግን በራሱ ክፍል ስለሚያስቀምጥ ቦብ በሻማ ሊሞቅ ይሞክራል። ፍርድ ቤት ቢያቆሙት ግን ነፃ ይወጣል። ታዲያ ጥፋቱ ምንድን ነው?

ሁለት ሰዎች ለድሆች እርዳታ ሊለምኑ ቢሮው ሲመጡ፣ እስር ቤቶቹና የድሆች መጠለያዎቹ ተዘጉ ወይ ብሎ ይጠይቃቸዋል። ለእነዚያ በግብሩ ድርሻውን አዋጥቷል፤ የቀረው አይመለከተውም። ብዙዎች ወደዚያ ከመግባት ሞትን ይመርጣሉ ሲሉትም፣ እንግዲያው ይሙቱና የተረፈው ሕዝብ ይቀንስ ባይ ነው።

ይህን አነጋገር ዲክንስ ከባዶ አላመጣውም። በ1834 የወጣው የድሆች ሕግ ችግረኛው እርዳታ የሚያገኘው መጠለያ ሲገባ ብቻ እንዲሆን ያለመ ነበር። እዚያም ባል ከሚስት፣ ወላጅ ከልጅ ይለያያል። ሥራው ከባድ፣ ኑሮውም አስከፊ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ ሰው እንዲሸሸው።

ደራሲው ድህነትን ከመጽሐፍ አልተማረውም። በ1824 አባቱ በዕዳ ምክንያት ማርሻልሲ እስር ቤት ሲገባ፣ የ12 ዓመቱ ቻርልስ በጫማ ቀለም ፋብሪካ በየዕቃው ላይ ወረቀት ይለጥፍ ነበር። በ1843 መጀመሪያ ላይ ስለ ድሀ ልጆች አንድ የአቤቱታ ጽሑፍ ሊያሳትም አስቦ ነበር፤ ኋላ ግን ያንን ትቶ ይህን ታሪክ ጻፈ። የመጀመሪያው 6,000 ቅጂ ገና ሳይደርስ አለቀ። ዋጋው 5 ሽልንግ ነበርና፣ ቦብ ሊገዛው ቢፈልግ የሳምንት ደመወዙን ሲሶ ይጨርሳል!

ለእኔ የመጽሐፉ ኃይል ያለው ስክሩጅ የገዛ ቃሉን መልሶ ሲሰማ ነው። በምርኩዝ የሚሄደውን የቦብን ልጅ ትንሹን ቲምን ባየ ጊዜ፣ ይህ ልጅ ይተርፍ ይሆን ብሎ ይጨነቃል። መንፈሱም ስለ ተረፈው ሕዝብ የተናገረውን ይደግምለታል። ስክሩጅ አንገቱን ይደፋል። ትናንት በጅምላ ሲያወራ ቀሎት ነበር፤ አሁን ያ ሕዝብ ስምና ፊት አለው።

እርሱም ቢሆን እንዲህ ሆኖ አልተወለደም። በልጅነቱ ሌሎች ተማሪዎች ለበዓል ሲሄዱ እርሱ ትምህርት ቤት ብቻውን ይቀር ነበር። ጎልማሳ ሲሆን ድህነትን ከመፍራቱ የተነሣ ገንዘብን አስበልጦ እጮኛውን አጣ።

መጽሐፉ ሕጉ ይሻር አይልም፤ ሁሉን በአንድ ባለጠጋ ልብ መለወጥ ላይ መጣሉን ድክመት እለዋለሁ። ለውጡ ግን በስሜት አይቀርም። በገና ማግስት ቦብ አርፍዶ ሲገባ፣ ስክሩጅ መጀመሪያ የተቆጣ መስሎ ያስደነግጠዋል። ከዚያ ደመወዙን እንደሚጨምርለት ይነግረውና፣ ሌላ የከሰል ሣጥን ገዝቶ እሳቱን ሳያነድ አንዲት ፊደል እንዳይጽፍ ያዘዋል።