የአሮጌው ላንድሮቨር የዘይት ገንዳ ማጣሪያ

ከሱዳኑ ገዳሪፍ ተነሥቶ በዶካ በኩል እስከ ጋላባትና መተማ ዮሐንስ ድረስ ያለው ሜዳ ዋልካ ነው። በክረምት ጎማ ይውጣል፤ ሰሊጡና ማሽላው ተሰብስቦ ሲያልቅ ደግሞ ይሰነጣጠቅና የትራክተርና የጭነት መኪና ጎማ ሲፈጨው ይቦናል። እ.ኤ.አ. በ1944 የትራክተር እርሻ በገዳሪፍ ዙሪያ ከተጀመረ ወዲህ እዚያ የገባ ሞተር ሁሉ ይህን ብናኝ እየሳበ ኖሯል። ታዲያ አሮጌ ላንድሮቨር ሰማያዊ ጭስ ማውጣት ሲጀምር "አርጅቷል" ይባልና ነገሩ ይዘጋል። ፍርዱ ችኩል ነው። ዕድሜ ብቻውን ሞተር አይበላም፤ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ሊጠግነው የከፈተው እጅ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ኮፈኖው ሥር ያለውን የአየር ማጣሪያ ንቆ እንደ ነገሩ የሚያጸዳው ነው።

ማስረጃው የተፈታ ሞተር ላይ ይነበባል። አቧራ ከአየር ጋር ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው የላይኛውን የፒስተን ፋሻና የሲሊንደሩን አናት ነው። በብናኙ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ከሲሊንደሩ ብረት ስለሚጠነክር ግድግዳውን እየፋቀ ያሰፋዋል። ቆሻሻው በዘይት በኩል የገባ እንደሆነ ግን ቀድመው የሚጫሩት ኮሎው (ክራንክሻፍቱ) እና ተሸካሚዎቹ ብሮንዞች ናቸው። በጥፍር የሚዳሰስ ጠርዝ ብዙ በሠራ ሲሊንደር ሁሉ አናት ላይ ይኖራል፤ እሱ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ብሮንዞቹ ደህና ሆነው የላይኛው ፋሻ ምላጭ እስኪመስል ከሳሳ ግን አቧራው የመጣበት መንገድ ታወቀ። እርጅና ቢሆን ኖሮ ሁሉንም አብሮ ባሳሳው ነበር።

ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ወጣ፤ 2,286 ሲሲ የሆነው የናፍጣ ሞተሩ በ1961 መጣ። ስለ ሞተሩ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አራት ሲሊንደር ነው፣ መንገድ ዳር ይፈታል። ማጣሪያው ግን ሊታወቅ ይገባዋል። ክብ የቆርቆሮ ዕቃ ነው፤ ግርጌው ገንዳ ሆኖ የሞተር ዘይት ይዟል፣ ከዘይቱ በላይ የሽቦ ጥልፍልፍ አለ። የተሳበው አየር ወደ ታች ወርዶ ዘይቱ ፊት ሲደርስ ድንገት ወደ ላይ ይታጠፋል። ከባዱ ብናኝ አብሮ መታጠፍ ስለማይችል ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፤ ያመለጠውን ደግሞ በዘይት የረጠበው ሽቦ ይይዘዋል። ገንዳው ላይ የዘይቱ ልክ ምልክት አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። "ዘይቱ ከበዛ አቧራም በዝቶ ይያዛል" ይባላል። አይያዝም። ከምልክቱ ያለፈ ዘይት የአየሩን መንገድ ያጠብባል፣ ሞተሩም ዘይቱን አብሮ ይስበዋል። በቤንዚን ሞተር ይህ ጭስና ጥላሸት ያመጣል። የናፍጣ ሞተር ግን የተሳበውን ዘይት ነዳጅ አድርጎ ያነደዋል፤ ናፍጣው ቢቋረጥም አይጠፋም፣ ዙሩ እየናረ ሄዶ ቢየላ እስከ መስበር ይደርሳል። ዋናው ማዳኛ አየሩን መዝጋት ነው፤ እሱንም በእጅ መሞከር አደጋ ነው። ሌላም የማይታሰብ ነገር አለ፤ ደለሉ በተጠራቀመ ቁጥር የዘይቱ ልክ ራሱ ከፍ እያለ ይመጣል። ስለዚህ ገንዳውን ሳይደፋ በላዩ የሚጨምር ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ጥፋት ያጠፋል። አሮጌው ዘይት ይደፋ፣ ደለሉ ይጠረግ፣ ሽቦው በነጭ ጋዝ ታጥቦ እስኪንጠፈጠፍ ይቆይ፤ ከዚያ አዲስ ዘይት እስከ ምልክቱ፣ ከዚያ በላይ ጠብታም አይጨመር።

የወረቀት ማጣሪያ ይሻላል የሚሉ አሉ። አዲስ ወረቀት የበለጠ ማጣራቱ እውነት ነው፤ የዘይት ገንዳው በተለይ ሞተሩ በቀስታ ሲዞር፣ የአየሩ ፍጥነት ስለሚቀንስ፣ ብናኝ ያመልጠዋል። ይሁንና ወረቀት በጊዜው መለወጥ አለበት። መለዋወጫ በማይገኝበት ጠረፍ አሮጌው ወረቀት በኮምፕሬሰር ይነፋል፣ ጎማ ላይ ይደበደባል፤ ዓይን የማያየው ቀዳዳ ካወጣ በኋላ መኖሩ ለስም ነው። ነጭ ጋዝና ዘይት ግን በየትኛውም ገበያ አይጠፋም። "በዚህ አቧራ ውስጥ ንጹሕ ጋራዥ ከየት ይምጣ?" የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ግን ከክፍሉ ይልቅ የሚፈለገው ሰዓቱ ነው። በማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሣ፣ መሬቱ ላይ ውኃ ተረጭቶ፣ ማጣሪያው ሳይከፈት ከውጭ ተወልውሎ ቢሠራ ብዙው አቧራ ይቀራል። የመሳቢያው አፍ ንጹሕ ጨርቅ ከላይ ለብሶ ይታሰር እንጂ ጨርቅ አይወተፍበት፤ የተወተፈ ጨርቅ ይረሳል፣ ሞተሩም ሲነሣ ይስበዋል።

ማጣሪያውን ከሞተሩ የሚያገናኘው የጎማ ቱቦ ከተሰነጠቀ ወይም ማጥበቂያው ከላላ ግን ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው፤ አቧራው ማጣሪያውን ሳይነካ ይገባል። ፍተሻው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ነጭ ጨርቅ ጣት ላይ ጠቅልሎ የቱቦውን ውስጥ መጥረግ። ጨርቁ አቧራ ይዞ ከወጣ ስንጥቁ እስኪገኝ ድረስ ሞተሩ አይነሣ።