«አትንካ!» የማይባልበት ቦታ፦ ሕፃናትን ይዞ ከጢቾ እስከ ሳይንስ ሙዚየም

አገራችን ውስጥ አንድ ሕፃን አፉን ሳይፈታ ጀምሮ ደጋግሞ ከሚሰማቸው ቃላት አንዱ «አትንካ!» ነው። ምድጃው አይነካም፣ ጀበናው አይነካም፣ የእንግዳ ብርጭቆው አይነካም፣ ሊጡ አይነካም። አንድ ነገር ብቻ ይነካል፤ ስልክ። ልጁ ሲያለቅስ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ወጥ ሊያርር ሲል ዩቲዩብ ይከፈትለትና በቃ፣ ጸጥ ይላል።

ይህን የምናደርገው ወላጆች ብቻ አይደሉም። አጎትና አክስት የሆንን ወጣቶችም አለንበት። እንዲያውም ልጅን ስልክ በማስለመድ እኛን የሚያህል የለም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ልጅ ለሌላችሁም ነው።

እኔ የምኖረው አሰላ ነው፤ እህቴ ደግሞ ጢቾ። ሁለት ልጆች አሏት። ትልቋ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ፣ ትንሹ ሁለት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል። እህቴ የአዲስ አበባውን ሳይንስ ሙዚየም ቲክቶክ ላይ አይታ «ልጆቼ ይህን ማየት አለባቸው» አለች። ባሏ አልተዋጠለትም። «ለሁለት ዓመት ልጅ ሳይንስ ምኑ ነው? የአራት ሰው ትራንስፖርት ደርሶ መልስ እኮ የማዳበሪያ ብር ነው» አላት። ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ አስብ ነበር። ክርክሩ ሦስት ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ እህቴ፣ እኔና ልጆቹ ተነሣን። እሱ ከከብቶቹ ጋር ቀረ።

መንገዱ ራሱ ትምህርት ቤት ነው

ከጢቾ ወጥተን አሰላ አደርን፤ በማግስቱ ከአሰላ አዲስ አበባ ያለውን 175 ኪሎ ሜትር ተያያዝነው። ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ መንገዱን ለሁለት ቀን መክፈሉ ይሻላል። ባዶ ፌስታል፣ ቅያሪ ልብስ፣ ዳቦና ውኃ አይረሳ። ቆሎው ለእናንተ ይሁን፤ ለዚህ ዕድሜ ልጅ ቆሎና ኦቾሎኒ አይሰጥም፣ ሊያንቀው ይችላል።

ትልቋ መንገዱን ሙሉ «ኩን ማሊ?» ስትል ነበር፤ «ይህ ምንድን ነው?» ማለቷ ነው። ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅላ ነው የምታወራው። አዳማን አልፈን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ሲታዩ ግን ጥያቄዋ ሁሉ አንድ ላይ መጣ። አዳማ አካባቢ በሁለት ዙር የተተከሉት 136 ተርባይኖች ናቸው፤ በአንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም። «ነፋስ ሲነፋው ይሽከረከራል፣ ከዚያ መብራት ይሆናል» አልኳት። ወዲያው አፏን ወደ መስኮቱ አስጠግታ «እፍ!» አለች። ተርባይኑ ዞረ። እንደገና «እፍ!» እስከ ሞጆ ድረስ እሷ ናት ያዞረችው።

አንዲት ሕፃን «ይህን ባደርግ ያ ይሆናል» ብላ ገመተች፣ ሞከረች፣ ውጤቱን አየች። ግምቷ የተሳሳተ ቢሆንም አካሄዷ የሳይንቲስት ነው። ሙዚየሙ ገና 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረን ነበር።

ሙዚየሙ ውስጥ

የአዲስ አበባው ሳይንስ ሙዚየም የተመረቀው መስከረም 24 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲሆን 6.78 ሄክታር ላይ ያረፈ ነው። ክቡን ሕንፃና ጉልላቱን ፎቶ ላይ አይታችሁታል። ሥራውን የጀመረው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ ባተኮረ ዐውደ ርዕይ ነበር። ለሃይስኩል ተማሪ ሕልም የሚያስይዝ ቦታ ነው። እኔ ራሴ አፌን ከፍቼ ነበር የማየው።

ልጆቹን ግን በደንብ ተከታተልኳቸው። ትንሹ አንድ መስታወት ፊት ቆመና በሌባ ጣቱ ወደ ጎን ጠረገው። ስልክ ላይ ሥዕል እንደምንቀይረው ማለት ነው። ምንም አልተለወጠም። ደግሞ ጠረገው። ከዚያ «ተበላሽቷል» በሚል ዓይን ዞር ብሎ አየኝ።

እህቴ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ሳቃችን ግን ብዙም አልቆየ። ልጁ ከመስታወቱ ኋላ ያለው ነገር ሥዕል ሳይሆን እውነተኛ ዕቃ መሆኑን አላወቀም። በዚያ ዕድሜው ካያቸው ነገሮች ብዙዎቹ በጣት የሚጠረጉ ናቸው።

ትልቋ ደግሞ በዚያ ሁሉ ብርሃንና ስክሪን መሐል አለፈችና ከሁሉም በላይ የወደደችው ግቢው ውስጥ የራሷን ጥላ መርገጥ ነበር። ትሮጣለች፣ ጥላው ይሮጣል። ትቆማለች፣ ይቆማል። ልትረግጠው ትዘላለች፣ ያመልጣታል። ይህን ለማየት አዲስ አበባ ድረስ መምጣት ያስፈልግ ነበር? ፀሐይ እኮ ጢቾም አለች።

ከዚያ ቀን የያዝኩት ምክር አጭር ነው። በጠዋት ግቡ፣ ልጁ በልቶና ተኝቶ ይምጣ። ሁሉን ላሳይ አትበሉ፤ ሁለት ወይም ሦስት ነገር ይበቃል። ልጁ አንድ ቦታ ላይ ሃያ ደቂቃ ከቆመ አትጎትቱት፤ የሚማረው እዚያ ነው። አንድ ሰዓት ሲሞላ ባይደክማችሁም ውጡ፤ እሱ ደክሞታል።

እጅና ስክሪን አንድ አይደሉም

ትንሽ ልጅ አንድን ነገር ከስክሪን ሲያይና ፊት ለፊቱ ካለ ሰው ሲያይ እኩል አይማርም። ተመራማሪዎች ይህን «የቪዲዮ ጉድለት» ይሉታል። በተለይ ከሦስት ዓመት በታች ላሉት ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥርም የተሻለ እንደሆነ ይናገራል።

«እየነኩ መማር» የሚለው ሐሳብ ዓለም ላይ በደንብ እንዲታወቅ ካደረጉት አንዱ ፍራንክ ኦፐንሃይመር ነው። «ኦፐንሃይመር» የሚለውን ፊልም ያያችሁ ወንድሙን ሮበርትን ታውቁታላችሁ። ፍራንክም የፊዚክስ ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 በፖለቲካ ምክንያት ከዩኒቨርሲቲ ሥራው ለቀቀ። ምን ሠራ መሰላችሁ? ኮሎራዶ ተራራማ አገር ገብቶ ከብት አረባ! ቆይቶም እዚያው ገጠር ከተማ ሃይስኩል ማስተማር ጀመረ። ላቦራቶሪው ደኅና ዕቃ ስላልነበረው ተማሪዎቹን ይዞ የቆሻሻ መጣያ ይሄድ ነበር። ከተጣለ ማሽንና ከአሮጌ የመኪና ዕቃ ፊዚክስ አስተማራቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የከፈተው ኤክስፕሎራቶሪየም የሚባለው ሙዚየም ጎብኚው ሁሉን እየነካ፣ እያዞረና እየገፋ የሚማርበት ሆነ። ዛሬ በብዙ አገሮች ያሉ የሳይንስ ማዕከላት የእሱን ፈለግ ተከትለዋል።

ከብት፣ ተራራ፣ የተጣለ ዕቃ። አርሲ ውስጥ ከእነዚህ የትኛው ጠፋ?

ጢቾ ላይ ያለው ማዕከል

ከጉዞው ስንመለስ አያታቸው ብቅል እያበቀሉ ነበር። ገብሱ ተዘፍዝፎ፣ ውኃው ተጠንፍፎ፣ በቅጠል ተሸፍኖ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ትልቋ እጇን ስትዘረጋ እህቴ እንደ ልማዷ «አት…» ብላ አቋረጠችው። አያታቸው የልጅቷን እጅ አሳጠቧትና ከቅጠሉ ሥር አስገቡላት።

«ይሞቃል!» አለች።

እውነቷን ነው። የሚበቅል እህል ይተነፍሳል። ውስጡ ያከማቸውን ምግብ በአየር እየታገዘ ሲያቃጥል ሙቀት ያወጣል፤ ተከምሮ ሲሸፈን ሙቀቱ በእጅ ይታወቃል። አሰላ ብቅል ፋብሪካ ለቢራ የሚያመርተው ብቅል መነሻውም ይኸው ነው፤ ማስዘፍዘፍ፣ ማብቀል፣ ማድረቅ። ልጅቷ ይህን ሁሉ አልተረዳችም። እህል ሕይወት እንዳለው ግን በእጇ አወቀች። ትንሹም እጁን አስገባ፤ አወጣ፤ ደግሞ አስገባ። ስልክ አልጠየቀም።

ብቅል ከሌለ ሌላ አለ። እንቁላል በውኃ ውስጥ ይሰጥማል፤ ውኃው ውስጥ ጨው በደንብ ቢሟሟ ይንሳፈፋል፣ ጨዋማ ውኃ ከተራው ስለሚከብድ። ከተበላሸ ሬዲዮ ስፒከር የሚወጣው ትልቅ ማግኔት ሚስማሩን ይስባል፣ የፕላስቲኩን ክዳን አይስብም። ከደብተር ወረቀት የተሠራ መሽከርከሪያ በ«እፍ!» ይዞራል፤ ይህን ትልቋ ከአዳማ ይዛ የመጣችው ሐሳብ ነው።

ጥንቃቄው ግን አይቀርም። ትንንሽ ማግኔትና ክብ የሰዓት ባትሪ ልጅ አጠገብ አይድረስ፤ ከተዋጡ አንጀትና ጉሮሮን እስከመብሳት ይደርሳሉ። የተዋጠ ከመሰላችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። ውኃ የሞላ ባልዲ ጋ ሕፃን ብቻውን አይተውም፤ ጥቂት ውኃም ያሰጥማል። «ንካ» ማለት «ብቻህን ንካ» ማለት አይደለም፤ አጠገቡ ተቀመጡ ማለት ነው። ከባዱም እሱ ነው። ስልክ መስጠት ሁለት ሰከንድ፣ አጠገብ መቀመጥ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል።

አሰላስ?

ይህን ስል «ሙዚየም አያስፈልግም፣ ብቅል ይበቃል» እያልኩ አይደለም። ያስፈልጋል፣ ቅርብም መሆን አለበት። ስቴም ፓወር የተባለው ግብረ ሰናይ ድርጅት ቢሾፍቱ፣ ፎካ ላይ ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመሆን ለተማሪዎች የተግባር ሳይንስ ማዕከላት ከፍቷል። አሰላ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት። አጠገቧ የስንዴ ምርምሩ የሚታወቀው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ እዚሁ የተጀመረው የጭላሎ የግብርና ልማት ፕሮጀክት፣ ካዱ፣ ለገበሬው አዲሱን ዘርና ማዳበሪያ ያስተዋወቀው በሠርቶ ማሳያ ማሳ ነበር። አያቶቻችን አይተውና ነክተው ነው የተቀበሉት። ለልጅ ልጆቻቸው አንድ ክፍል፣ አንድ የውኃ ገንዳ፣ አንድ ትልቅ ማግኔት፣ ጥቂት ብቅልና በሩ ላይ «ንኩ» የሚል ጽሑፍ ያን ያህል ውድ አይመስለኝም።

የእህቴ ባል የማዳበሪያ ብሩን ነገር እስካሁን ያነሣል፤ አልፈርድበትም። ከጢቾ አዲስ አበባ በየዓመቱ የሚሄድ ቤተሰብ የለም። እስከዚያው ግን የእናንተ ቤት አለ። ዛሬ ማታ ሕፃኑ እጁን ወደ ሊጡ ሲዘረጋ እጁን አሳጥባችሁ አንድ ቁራጭ ስጡት። ስልኩን ቻርጅ ላይ ተዉት።